ልጆችን ደጅ ማዋል፦ የወሎ ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ደሴ ውስጥ ልጆች እያሳደግኩ ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜም የሰፈሩን ልጆች ሰብስቤ እወጣለሁ፤ ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝን እነሆ።

ልጅ ደጅ መዋሉ ከመጫወት ያለፈ ምን ይጠቅመዋል?

ሰውነቱ ይጠነክራል። ዳገት የሚወጣ፣ ድንጋይ የሚያገላብጥ፣ ቦይ የሚዘል ልጅ ጡንቻውም ሚዛኑም ይበረታል። ማታ ሳይነጫነጭ ይተኛል፣ የቀረበለትንም ይበላል። ዓይኑም ይጠቀማል። በቀን ብርሃን ደጅ ብዙ ሰዓት የሚያሳልፉ ልጆች ሩቅ ያለውን አጥርቶ የማየት ችግር የሚይዛቸው ቤት ከሚውሉት ባነሰ መጠን ነው። ይኼ በተለያዩ አገሮች ጥናቶች ታይቷል።

ለእኔ ግን ትልቁ ጥቅም ሌላ ነው። ደጅ ያለ ነገር መልሱ በመጽሐፉ መጨረሻ ላይ አልታተመም። ጉንዳን ለምን በሰልፍ ትሄዳለች? ልጁ ቁጭ ብሎ ያያል። ሰልፉ የሚያልፍበትን መስመር በእርጥብ ጣቱ ያብሳል። ጉንዳኖቹ እዚያ ሲደርሱ ግራ ገብቷቸው ይቆማሉ፣ ይዞራሉ፣ ይፈልጋሉ። ያኔ መንገዱን የሚያውቁት ፊተኞቹ ጥለውት ባለፉት ጠረን መሆኑ ይገባዋል። ራሱ ነው ያገኘው። እንዲህ ያገኘውን ደግሞ አይረሳውም።

በቀን ስንት ሰዓት ደጅ ይቆይ?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ 3 እና 4 ዓመት የሆናቸው ልጆች በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ ሰውነታቸውን እንዲያንቀሳቅሱ ይመክራል። ከዚህ ውስጥ 60 ደቂቃው ቶሎ ቶሎ የሚያስተነፍስ ጨዋታ መሆን አለበት። ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉት ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ ያስፈልጋል። መመሪያዎቹ የግድ ደጅ ይሁን አይሉም። ግን አልጋና ቁም ሳጥን በሞላት አንዲት ክፍል ውስጥ ልጅ የት ይሩጥ?

ሰዓት መቁጠሩ ካስጨነቃችሁ ተዉት። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ወዲያው ከመግባት ግማሽ ሰዓት ደጅ ይቆይ። ቅዳሜ ወይም እሑድ ደግሞ ግማሽ ቀን። ቁርአን ቤት ወይም ሰንበት ትምህርት ቤት የሚሄድ ከሆነ በእግር አብራችሁት ሂዱ። መንገዱም ደጅ ነው።

ሕፃን ልጅ ከመቼ ጀምሮ ይውጣ? ብርድና ምች አይመታውም?

ከተወለደ በሳምንታት ውስጥ የጠዋት ፀሐይ መሞቅ ይችላል። አጥንት እንዲጠነክር ቫይታሚን ዲ ያስፈልጋል፤ ሰውነታችን ይህን የሚሠራው ቆዳችን ፀሐይ ሲያገኝ ነው። ፀሐይ ሳያዩ በጨለማ ክፍል የሚያድጉ ሕፃናት እግራቸው ሊቆለመም፣ መቆምና መሄድ ሊዘገይባቸው ይችላል። ሪኬትስ የሚባለው ይህ በሽታ ዛሬም አገራችን ውስጥ አለ። ፀሐይ በሞላበት አገር ልጅ በፀሐይ እጦት ሲታመም ማየት ያሳዝናል። ጠዋት ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ እጅና እግሩን ገልጣችሁ ለጥቂት ደቂቃ አሙቁት፤ ዓይኑን ከልሉለት። በመስኮት መስታወት የምትገባ ፀሐይ ለዚህ አትሆንም፤ መስታወቱ የሚፈለገውን ጨረር ያስቀረዋል። በጋቢ ተጠቅልሎ መሞቅም ያው ነው።

እናቶቻችን ስለ ምች የሚሉት ውስጥ ቁም ነገር አለ፤ የቀትር ፀሐይ ለሕፃን አይመችም። ከ5 እስከ 9 ሰዓት ጥላ ሥር ይሁን። ትኩሳት ከያዘው ግን ሳታሳድሩ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። እስከ 6 ወሩ ከእናት ጡት ሌላ፣ ሐኪም ካላዘዘ በስተቀር፣ የምች መድኃኒትም ቢሆን በአፉ አትስጡት።

የምንኖረው ኪራይ ቤት ነው፣ ግቢም የለን። የት እንውሰዳቸው?

ሩቅ አትሂዱ። ደሴ በተራሮች መሀል ያለች ከተማ ናት፤ ከብዙዎቹ ሰፈሮች ተነስታችሁ ትንሽ ሽቅብ ብትሉ ቤቶቹ ከእግራችሁ በታች ይቀራሉ። የጦሳ ተራራ ግርጌ አለ። አዝዋ ገደል አለ፤ እዚያ ግን የልጅ እጅ አይለቀቅም። ኮምቦልቻ ያላችሁ የጎፍን ደን ቀና ስትሉ ታዩታላችሁ። ሐይቅ የምትባለው የሐይቅ ዳር ከተማ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ጠዋት በሚኒባስ ሄዶ ማታ መመለስ ይቻላል። ላሊበላ ያላችሁ ደግሞ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍ የሚለው አቡነ ዮሴፍ ጎረቤታችሁ ነው። እዚያ ጭላዳ አለ፣ ቀይ ቀበሮም አለ። ሁለቱም ከኢትዮጵያ ውጭ የትም በዱር አይገኙም። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 እንደማይበልጡ ለልጃችሁ ንገሩት፤ ሁለተኛ ድንጋይ አይወረውርባቸውም።

የቤተ ክርስቲያን ቅጽርና የመስጊድ ዙሪያም አይዘንጋችሁ። በብዙ ቦታ ያልተቆረጡት ትልልቅ ወይራና ጽዶች የቀሩት እዚያ ነው። ልጆቹን ሥራ ስጧቸው፦ ወይራው ሥር ምን ይበቅላል? ባሕር ዛፉ ሥርስ? ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ልጅ ስለ አገር በቀል ዛፍ ሌላ ስብከት አያሻውም።

መንገድ ራሱ ትምህርት ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። በመካከላቸው 25 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ደሴ ላይ ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ አጥብቃችሁ ክደኑና ለልጁ አስይዙት። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ጠርሙሱ ጎኑ ገባ ገባ ብሎ ታገኙታላችሁ። ማንም አልጨመቀውም፤ የጨመቀው አየሩ ነው። ጆሮው ለምን እንደደፈነውም ያኔ ይገባዋል።

ከቤት መውጣት በማይቻልበት ቀን የተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ አፈር ሙሉና ነጭ ሽንኩርት ይትከል። አከራይ ይኼን አይከለክልም።

እኔ ራሴ የዛፍም የወፍም ስም አላውቅም። ምን አስተምረዋለሁ?

ይኼ ጥያቄ የኔም ነበር። ልጄ 5 ዓመቷ ሳለ ሐይቅ ዳር አንድ ዛፍ ሥር ተቀምጠን ነበር። «ይኼ ምንድነው?» አለችኝ። «ዛፍ ነው» አልኳት። አጠገባችን ጥላ ያረፉ እናት ሰሙኝ። «ዛፍማ ስሙ አይደለም የኔ ልጅ፤ ሾላ ነው» አሉኝ። አፈርኩ። እሳቸው ግን ሊያሳፍሩኝ አልነበረም። ከወደቀው አንዱን ፍሬ አንስተው ለሁለት ከፈሉትና ለልጄ ሰጧት። ውስጡ ጥቃቅን ነፍሳት ነበሩ። ልጄ ልትጥለው ስትል «ባለቤቶቹ ናቸው፣ አትፍሪያቸው» አሏት።

ቤት ገብቼ አነበብኩ። የሾላ አበባ የት ነው ብለን ጠይቀን አናውቅም፤ አበባው ፍሬ በምንለው ነገር ውስጥ ነው ያለው። ተርብ የሚመስሉ በጣም ጥቃቅን ነፍሳት በጫፉ ቀዳዳ ገብተው አበባውን ያዳቅሉታል፣ እዚያው እንቁላል ይጥላሉ። ያለ እነሱ ሾላው ዘር አይሰጥም፣ ያለ ሾላውም እነሱ አይኖሩም። ዋርካም እንዲሁ ነው። ባለቤቶቹ ናቸው ያሉት እውነታቸውን ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያለኝ ምክር አንድ ነው። አታውቁትም? ከልጁ ጋር ሆናችሁ ጠይቁ። ወሎ ውስጥ ቡና ሲፈላ ጎረቤት ይሰበሰባል። ልጁ የለቀመውን ቅጠል ይዞ ይቅረብ። «እማማ፣ ይኼ ምን ይባላል?» ይበል። አንዷ ክትክታ ነው ትላለች፣ ሌላዋ አይደለም ትላለች፤ የቦረና ሰው በአንድ ስም ይጠራዋል፣ የራያ ሰው በሌላ፤ ባቲ ወይም ከሚሴ ያደገ ጎረቤት ካለ የኦሮምኛ ስሙን ይጨምራል። አቦል ሳይጠጣ ልጁ ሦስት ስም ይዞ ይሄዳል። አንድ ዛፍ ሦስት ስም ሊኖረው እንደሚችል ማወቁ ራሱ ትልቅ ትምህርት ነው። እነዚያ እናቶችም የሚያውቁትን የሚጠይቃቸው ሰው ካገኙ ስንት ጊዜያቸው ነው!

ስሙን ያወቀ ልጅ ማየት ይጀምራል። «እንደ መስቀል ወፍ በዓመት አንዴ» እንላለን። ወፏ ግን የትም አልሄደችም። በመስቀል ሰሞን የምናያቸው እነዚያ ደማቅ ወፎች ወንዶቹ ናቸው፤ በመራቢያ ጊዜያቸው ያምራሉ፣ ሌላ ጊዜ ላባቸው ደብዝዞ ድንቢጥ ይመስላሉ። ዓመቱን ሙሉ ከፊታችን ነበሩ። ይህን ለአንድ የ8 ዓመት ልጅ ስነግረው፣ ኅዳር ላይ ድንቢጥ ባየ ቁጥር «አንተ ማነህ?» ማለት ጀመረ።

ክረምት ሲገባስ? ጭቃውና ጉሙ ልጅ አያሳምምም?

ጉንፋን የሚያመጣው ቫይረስ ነው፤ እሱ ደግሞ በደንብ የሚዛመተው መስኮት ተዘግቶ ሰው ታፍኖ በሚቀመጥበት ቤት ነው። ልጁ ሹራብና የማይበሰብስ ነገር ይልበስ፣ ሲመለስ የረጠበውን ቀይሩለት፣ ትኩስ ነገር ይጠጣ። ጫማ ግን የግድ ነው። በደጋው ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት ባዶ እግር መሄድ ዝሆኔ የሚባለውን የእግር እብጠት ያመጣል። ፕላስቲክ ጫማም ቢሆን ያድርግ፣ ማታ እግሩን በሳሙና ይታጠብ።

ክረምት ለእኔ ምርጡ የመማሪያ ጊዜ ነው። የሃይላንድ ጠርሙስ አንገቱን ቁረጡ። ግርጌው ወጣ ገባ ስለሆነ ጠጠርና ትንሽ ውሃ አድርጉበትና ውሃው የደረሰበት ላይ መስመር አስምሩ፤ ያ ዜሮ ነው። ከዚያ በላይ በማስመሪያ ሚሊ ሜትር ምልክት አድርጉ። ሜዳ ላይ አቁሙት። ልጁ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት እየለካ ይጻፍ፤ ከጻፈ በኋላ ውሃውን ወደ ዜሮው ይመልሰው። ቆቦ ወይም መርሳ ያለች አክስቱን በስልክ «እናንተጋ ዘነበ?» ብሎ ይጠይቃት። መስከረም ሲጠባ በእጁ የራሱ መዝገብ ይኖረዋል።

ነጎድጓድ ሲሰማ ግን ጨዋታው ያብቃ። ዛፍ ሥር መጠለል አይሆንም፤ ቤት ግቡ።

ትምህርቱን አይሻማበትም?

አይሻማም፣ ያግዘዋል። የታችኞቹ ክፍሎች የሚማሩት አካባቢ ሳይንስ ስለምን ሆነና? ስለ አካባቢው ነው።

አንድ የምወደው ነገር አለ። ግቢ ውስጥ ቀጥ ያለ እንጨት ትከሉ። ልጁ በሳምንት አንድ ቀን፣ ከ6 ሰዓት ትንሽ አለፍ ሲል ጥላው የት እንደወደቀ በጠጠር ምልክት ያድርግ። በጋውን ሙሉ ጥላው ወደ ሰሜን ይወድቃል። ከሚያዝያ አጋማሽ በኋላ ግን ወደ ደቡብ ይዞራል፣ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ገደማም እንደዚያው ይቆያል። ጥላው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዞር እንጨቱ ሥር ሊጠፋ ምንም የማይቀረው ቀን አለ። አውሮፓ ያለ ልጅ ይኼን ሰፈሩ ላይ ሊያየው አይችልም፤ ፀሐይ አናቱ ላይ አትመጣለትም። የእኛ ልጆች ይህ በደጃቸው እየሆነ መሬት ፀሐይን ትዞራለች የሚለውን በቃል ብቻ ሲሸመድዱ ያንገበግበኛል።

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ብለን መኮትኮቻውን ከእጃቸው እንነጥቃለን። ጎመኑ ጠሞ ይተከል ግድ የለም። ይትከለው።

ከስልክ አልነሳም ይላል። ምን ላድርግ?

በጭቅጭቅ አይሆንም። ከስልክ የሚያስጥለው ጓደኛ ነው። ለብቻው «ውጣና ተጫወት» ከማለት የጎረቤት ልጅ ጥሩለት። ሰኞ ማክሰኞ መሬት ላይ ይሰመር፣ ድብብቆሽ ይጀመር፣ የቀረውን እነሱ ይጨርሱታል። ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለ ልጅ የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ1 ሰዓት በላይ ስክሪን አይመክርም። እኛም አብረን ስንወጣ ስልካችንን ኪስ ውስጥ እናቆየው።

ዛፍ ላይ ሲወጣ ልከልክለው?

ሙሉ በሙሉ አትከልክሉት። ራሱን የሚለካበት ነገር ያስፈልገዋል። የኔ ሕግ ይኼ ነው፦ ራሱ ከወጣ ራሱ ይወርዳል፤ እኔ አንስቼ አላስቀምጠውም። ሁልጊዜ ሁለት እግርና አንድ እጅ፣ ወይም ሁለት እጅና አንድ እግር እንደያዘ ይሁን። የደረቀ ቅርንጫፍ አይረገጥም። «ትወድቃለህ!» ብሎ መጮህ ልጁን ያስደነግጠዋል። «ቀጥሎ እግርህን የት ታሳርፋለህ?» ብትሉት ግን ያስባል።

ወድቆ እጁ ወይም እግሩ ካበጠ፣ ከተጣመመ ወይም አላንቀሳቅስም ካለ መጀመሪያ ራጅ ይነሳ። በወጌሻ አጥብቆ መታሰር ደም ዝውውሩን ዘግቶ እጃቸውን ያሳጣቸው ልጆች አሉ።

እባብ፣ ውሻና መርዛማ ተክልስ?

ከተክል እንጀምር፣ በየአጥሩ ያለው እሱ ነውና። ቅንጭብና ቁልቋል ሲሰበሩ የሚወጣቸው ነጭ ወተት ዓይን ያጠፋል። ዓይኑ ውስጥ ከገባ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውሃ ረዘም ላለ ጊዜ እጠቡትና ሐኪም ዘንድ ሩጡ። የጉሎ ፍሬ ያምራል፣ ልጆችም ይጫወቱበታል፤ ከተበላ ግን ይገድላል። ዕፀ ፋሪስም እንዲሁ አደገኛ ነው። ልጆቹን ከጫካው ከማራቅ እነዚህን አራቱን በስማቸው አሳዩአቸው። አጋምና እንጆሪ መብላት ይችላሉ፤ ግን መጀመሪያ ለሚያውቅ ሰው ያሳዩ የሚለውን ሕግ ያዙ።

ውሻ ከነከሰው ወይም ከቧጨረው ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡ። ከዚያ በዚያው ቀን ለክትባት ጤና ተቋም ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ «እስቲ ትንሽ እንየው» የሚባል ነገር የለም።

እባብ ከነደፈው አትብጡ፣ አትምጠጡ፣ በገመድ አትሰሩ። የተነደፈውን እጅ ወይም እግር ሳያንቀሳቅስ ተሸክማችሁ ጤና ተቋም አድርሱት። ድንጋይ ሲያገላብጥ ድንጋዩን ወደ ራሱ እንዲያነሳ አስተምሩት፤ ከሥሩ የሚወጣ ነገር ካለ ወደ ፊት እንዲሄድ።

ሐይቅ ወይም ወንዝ ብንወስዳቸው ይዋኙ?

እዚህ ላይ ጠንከር እላለሁ። የሐይቅ ከተማው ሐይቅ ከዳር ሲያዩት ገር ይመስላል፤ ጥልቀቱ ግን ከ80 ሜትር ያልፋል። ዋና የሚችል አዋቂ አጠገቡ ከሌለ ልጅ ውሃ ውስጥ አይግባ። ቢልሃርዚያም አለ። ትሉ የሚኖረው በውሃ ዳር ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ነው፤ ከእነሱ ወጥቶ ቆዳን ሰርስሮ ይገባል። መድኃኒት አለው፣ ፕራዚኳንቴል ይባላል፤ ልጁ ሆዱን እያመመው ደም የቀላቀለ ሰገራ ከተቀመጠ አስመርምሩት። ከዳር ሆኖ የውሃ ወፎችን መቁጠር፣ የዓሣ አጥማጆችን ጀልባ ማየት በቂ ደስታ ነው። ኮምቦልቻና ከዚያ በታች ባለው ቆላ ወባ ስላለ ከመምሸቱ በፊት ተመለሱ።

ደረቅ ወንዝ ደግሞ ከሞላው የባሰ ያታልላል። ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ፣ ላይ ደጋው ላይ የዘነበው በደራሽ ጎርፍ ይመጣል። በክረምትና በበልግ ወራት ወንዝ አሸዋ ውስጥ ጨዋታ የለም። ከላይ ሲያገሳ ከተሰማ ዕቃ ትቶ ሽቅብ መውጣት ነው።

ገጠር ያለው ልጅ ሁሌም ደጅ ነው። እሱ ምን ይጎድለዋል?

እውቀት አይጎድለውም። እረኛው ልጅ 20 ከብት በመልካቸው ለይቶ ያውቃል። እርጥብ ማገጥ የበላች ላም ሆዷ እንደሚነፋ ያውቃል። ጉሙ ወዴት ሲሄድ እንደሚዘንብ ያውቃል። ድሮ ነገሥታቱ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ ነበር ይባላል። ዛሬ ግን ያው ልጅ ክፍል ሲገባ ምንም እንደማያውቅ ይቆጠራል። መምህራን ብትሆኑ አደራ፣ ጠይቁት። «ማገጥ ከብት ለምን ይነፋል?» ብሎ የሚጀምር የሳይንስ ክፍለ ጊዜ ለእሱ የክብር ቀን ነው።

የሚጎድለው ነፃ ጊዜ ነው። ከብት መጠበቅ ሥራ ነው፤ ላም እህል ከገባች የሚገረፈው እሱ ነው። ስለዚህ «ደጅ ነው፣ ይበቃዋል» አይባልም። ኃላፊነት የሌለበት፣ የፈለገውን የሚያደርግበት ሰዓት ይሰጠው። ከብት ለመጠበቅ ብሎም ትምህርት ቤቱን አያጓድል። ቤተ ዘመድ ተባብሮ ጥበቃውን በተራ ቢያደርገው ይቻላል፣ የሚያደርጉ ቤተሰቦችን አውቃለሁ።

ሴት ልጄን ለብቻዋ ማስወጣት እፈራለሁ። ጎረቤትም ምን ይላል?

ፍርሃታችሁን አላቃልለውም። ልጅ ናት፣ ዓለሙም አደገኛ ነው። ግን ልብ በሉ፤ ውሃ ለመቅዳት፣ ወፍጮ ቤት፣ እንጨት ለመልቀም ስንልካት አንፈራም። ለጨዋታ ስትጠይቅ ነው ጎረቤቱ የሚታወሰን።

በቡድን ትውጣ። የላስታ አሸንድዬና የራያ ቆቦ ሶለል የሚያሳየን ይኼንኑ ነው። ነሐሴ ላይ፣ ፍልሰታ ሲፈታ፣ ልጃገረዶች ለምለሙን ቄጠማ ወገባቸው ላይ አስረው በቡድን እየጨፈሩ ይዞራሉ፤ ሳሩ የት እንደሚበቅል፣ የትኛው እንደሚረዝም ራሳቸው ያውቃሉ። በዓመት ለጥቂት ቀን የተፈቀደው በየሳምንቱ ቅዳሜ ለምን አይፈቀድም? ሦስት አራት እናቶች ተነጋገሩ፣ አንዷ በተራ ትከተላቸው። ሱሪ ትልበስ፣ ዛፍም ትውጣ። ማን አብሯት እንደሚሆንና ስንት ሰዓት እንደምትመለስ ይታወቅ፤ ያስጨነቃትን ሰው ሳትፈራ እንድትነግራችሁም ከወዲሁ ንገሯት።

ጦርነት ባለፈበት ቦታ ልጆችን ማውጣት ይቻላል?

በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ወሎ ውስጥ ገብቶ ነበር። ውጊያ በነበረበት ቦታ ያልፈነዳ ነገር ሊኖር ይችላል፤ ዓመታት ካለፉ በኋላም ይፈነዳል። በዝናብ ታጥቦ ወደ ወንዝና ወደ ማሳ ይወርዳል። ስለዚህ የነበረውን ምሽግና ጉድጓድ አትቅረቡ። ሰው የሚመላለስበት መንገድ ይሻላል። ልጆቹ የማያውቁትን ብረት ካዩ አይነኩም፣ አይወረውሩም፤ ይቆማሉ፣ በመጡበት ዱካ ይመለሳሉ፣ ለአዋቂ ይናገራሉ። አዋቂውም ለፖሊስ ያሳውቅ። ይህን እንደ ጨዋታ አስጠኗቸው። «ቆምኩ፣ አልነካሁም፣ ተመለስኩ፣ ተናገርኩ።»

ከከተማ ርቃችሁ ለመውጣት ባሰባችሁ ቀን የመንገዱን ሰላም ጠዋቱኑ ጠይቁ። ካጠራጠራችሁ ግቢ ውስጥ ያለው ጉንዳን ይበቃል።

ልጄ ያኔ ካየው ነገር በኋላ ደጅ መውጣት ፈርቷል። እንዴት ልጀምር?

አትጎትቱት፣ አታሳፍሩትም። «ወንድ ልጅ አይፈራም» የሚለውን ቃል ከቤታችሁ አውጡት። ደፉ ላይ አብራችሁት ተቀመጡ። ሌላ ቀን ግቢው በር ድረስ። ሌላ ቀን እስከ መንገዱ ማዶ። እያንዳንዱን ደረጃ እሱ ይምረጥ፣ እስኪለምደው ብዙ ቀን ይደጋገም። እጁ የሚይዘው ሥራ ይኑረው፤ ዶሮ መመገብ፣ ችግኝ ማጠጣት። በትልቅ ድምፅ የሚደነግጥ ከሆነ ነጎድጓድ ያለበትን ቀን ቤት ዋሉ።

ሌሊት እየጮኸ የሚነቃ ከሆነ፣ ትቶት የነበረውን አልጋ ማርጠብ ከጀመረ፣ ወይም ከሰው መነጋገር ካቆመ ወደ ጤና ባለሙያ ውሰዱት። የአእምሮ ሕክምና በሆስፒታል ይሰጣል፤ ጠበልም ዱዓም ከዚያ ጋር አብሮ ይሄዳል።

የሰፈራችን አንድ ልጅ እንዲህ ነበር። ለወራት ከደፉ አላለፈም። አያቱ በየጠዋቱ አጠገቡ ተቀምጠው ለእርግቦች ጥራጥሬ ይበትኑ ነበር። አንድ ቀን እርግቦቹ ወደ መንገዱ ዳር ራቅ አሉ። ልጁ እፍኙን ሞልቶ ተከተላቸው።